የግድ የሚሞላ

ሰማራንግ ወደቡ ላይ ባሕሩ ሲመሽ ይወጣል፤
ደጃፍ ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል።
ፎርም አይሞላም እሱ፤ የአባትህ ስም ማነው
ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ገብቶ ነው የሚታየው።

ንጋቲነም (ስሟ ውስጥ፣ ለእኛ ጆሮ፣ ንጋት አለ)
ዓሣ አጫሽ ናት፤ ዓይኗ ከጭስ ሲታገል የዋለ።
ጎርፍ የገባባቸው ሁሉ ሩዝና ፍራሽ አላቸው፣
ተመዝገቡ በድረ ገጽ፣ ማዘጋጃ ቤት ነገራቸው።
የልጅ ልጇ ጋሊህ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣
ስሟን በአውራ ጣቱ ጻፈ፣ ስልኩን ከውሃ አሽሽቶ።

ስም፦ ንጋቲነም።
የቤተሰብ ስም፦
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።
ቤተሰብስ ቤቱን ሞልቷል፤ የቤተሰብ ስም ግን የለም።
አንድ ስም ነው የሰጧት፤ ሰባ ዓመት አላነሳትም።

ላከው። ገጹ ቀላ፦
‹ይህ ቦታ ባዶ ሊሆን አይችልም።›
ነጥብ አደረገ፤ እምቢ።
ሰረዝ አሰመረ፤ እምቢ።
ባዶ ቦታ ደጋግሞ መታ፤
ስክሪፕቱ ግራና ቀኝ ያለውን ዝምታ መልምሎ
‹ባዶ ነው› ብሎ መለሰለት።
በመጨረሻ ሲመረው
ያንኑ ስሟን ደገመው።
ገጹ አረንጓዴ ሆነ።
‹ውድ ወይዘሮ ንጋቲነም ንጋቲነም፣ ማመልከቻዎ ደርሶናል።›
አሮጊቷ መነጽሯን ጠርጋ አነበበች፤
‹ሁለተኛዋ ማናት?› ብላ ጠየቀች።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ መስኮት ቁጥር አራት፣
መታወቂያው አንዲት ሴት፣ ማመልከቻው ሁለት።
አይገጥምም፣ አሏት።
ፍራሹ ስሙ ለገጠመለት ሰው ሄደ።

በዚያው ከተማ፣ ኮረብታው ላይ፣ ባሕር በማይደርስበት
ስክሪፕቱን የጻፈችው ፕራስቲዊ ትኖራለች።
ጥንቁቅ ናት። ከውጭ የመጣ ቃል አታምንም፤
ስም መስሎ የሚገባ ትእዛዝ አይታለችና፦
ሰሙ ስም፣ ወርቁ ‹ሠንጠረዡን ደምስስ›፣
አንዲት የጥቅስ ምልክት በጓሮ በር የምታስገባው።
ስለዚህ ጥቅሱን አሰረች፤
የሰው ችግር በአድራሻው ላይ ተጽፎ እንዳይታይ
በታሸገ ፖስታ እንዲሄድ አደረገች፤
ፊደሉን ሲገባ ፈተሸች፣
ሲወጣም ፈተሸች።
እና በአንዱ መስመር፣ ሳታስበው፣
ከባዕድ ኮድ እንደገለበጠችው፣
‹የግድ› የምትል ቃል ተወች።

አንድ ሌሊት መዝገቡን ገለጠች።
ሱኪጃን ሱኪጃን።
ቱሚነም ቱሚነም።
ፖኒራን ፖኒራን።
ላሲያም የለኝም።
ካርሚን አባቴን ጠይቁት።
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰው በገዛ ስሙ ሲያስተጋባ
ማሽኑ አልተጠራጠረም፤ ‹ትክክል› አለ፣ አስገባ።

መጀመሪያ ጥቃት መሰላት፤ ሮቦት ነው፣ አለች።
ጣቷ መደምሰሻው ላይ ነበር
የአባቷ ስም ትዝ ሲላት፦
ማርቶዮ። ብቻውን።
የመቃብሩ ድንጋይ ላይ
ከጎኑ ብዙ ቦታ የተረፈው።

ማስተካከያው አንድ ቃል መሰረዝ ነው።
ሰረዘች። ሻይዋ ቀዝቅዟል።
መንታ ስሞቹን ግን በእጇ ለየቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ እስኪነጋ፤
ምናልባት ሱሮ ሱሮ የሚባል
እውነተኛ ሰው ይኖር ይሆናል።

ወደቡ ላይ ውሃው ወርዷል፤ ግድግዳው ላይ መስመሩን ትቷል።
ጋሊህ ስልኩን አሳያት፦
‹ውድ ወይዘሮ ንጋቲነም፣ ፍራሽዎ ሐሙስ ይደርሳል።›
አነበበች። ዝቅ አድርጋ ፈለገች። ደግማ አነበበች።
‹ያቺ ሌላዋስ?› አለች፣
‹እሷም እኮ ጎርፍ ገብቶባታል።›